በባዶ ገጽ ስለደረቀው ወንዛችን

ለክቡር የወንዞችና የተፋሰሶች መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለካርታ ሠሪዎችዎ ሙሉ ጤናና ደረቅ ጫማ እመኛለሁ። ቀጥሎም አንድ ከባድ ዜና በታላቅ ትሕትና አሳውቃለሁ፤ ትናንት ጠዋት አንዲት እንቁራሪት ያለ ምንም ፈቃድ፣ በሌለ ወንዝ ውስጥ ስትዋኝ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ልገሥጻት ብሞክርም አዲሱን ካርታዎን አላየች ኖሮ ጠለቀችብኝ።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ የወንዛችንን ከፍታ ከመለኪያው ዘንግ እያነበብኩ በመዝገብዎ ሳሰፍር ኖሬ ዘንድሮ ጡረታ የወጣሁ ሽማግሌ ነኝ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው፤ ጥርሶቼም እንደዚያው።

አንደኛ፦ አዲሱ ካርታ ወንዛችንን «ደረቅ ቦይ» ይለዋል። ቦይ ድልድይ አያሻውም ተብሎም ማመልከቻችን ተመልሶልናል። ሲሚንቶው ስለተረፈልዎ ከልብ ደስ ብሎናል።

ሁለተኛ፦ ባለቤቴ ካቻምና ክረምቱ ገና ሲገባ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ጠዋት በዚሁ ቦይ ተሻገረች። ስትሄድም «አንተ ሽማግሌ፣ መዝገብህን ሙላ፤ እኔ የትም አልሄድብህ» ብላኝ ነበር። ከሰዓት ስትመለስ ደራሽ ጎርፍ ወሰዳት። ዘንድሮ የሞት ምስክር ወረቀቷን ላወጣ ቀበሌ ብሄድ፣ ጸሐፊዋ ካርታውን አይታ «አባባ፣ በደረቅ ቦይ ሰው አይሰጥምም እኮ፤ አዳልጧት ነው ልበል?» አለችኝ። ስለ አማራጩ አመስግኜ ወጣሁ።

ሦስተኛው ጥፋት የእኔ ስለሆነ አይደንግጡ። ባለቤቴ እስክትገኝ ዳር ዳሩን ስዞር፣ ከተገኘችም በኋላ ወደዚያ ዘንግ ቀና ማለት ሲያቅተኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲያ ክረምቱን ሙሉ አንድም ቁጥር አልጻፍኩም። በሙያችን ባዶ ማለት «አልተነበበም» ማለት ነው፤ ዜሮ ማለት ደግሞ «ውኃ የለም»። የተማሩት ባለሙያዎችዎ ባዶውን ሁሉ በዜሮ ሞልተው ካርታውን በዚያው ክረምት ንባብ ሠሩት። ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ወንዙን ያደረቀው ፀሐይ ሳይሆን የእኔ ሐዘን ነው።

አሁን አዋላጅ ልጄ ማዶ ወዳለው ጤና ጣቢያ የምትመላለሰው እናቷ በተወሰደችበት መሻገሪያ ነው። ዝናቡም ተቃርቧል። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያን ገጽ እንደነበረ ባዶ ያድርጉልኝ። ባዶ ከሆነ ወንዙ ይመለሳል፤ ወንዙ ከተመለሰ ድልድይ መጠየቅ እንችላለን።

ከሌለ ወንዝ ዳር እስካሁን ያለሁ፣
ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ የራሰ ታዛዥ አገልጋይዎ፣
የቀድሞው ዘንግ አንባቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ አንድ ነገር ፈጥሬአለሁ። እንቁራሪቷ እንዳትመስልዎ፤ እሷ እዚያው አለች። የፈጠርኩት የባለቤቴን ንግግር ነው። የዚያን ቀን ጠዋት አንድም ቃል አልተባባልንም፤ እኔ ዘንጉ ላይ አጎንብሼ ቁጥርዎን ስፈልግ በኋላዬ አልፋ ሄደች። ቁጥሩ ሰማንያ አራት ሳንቲሜትር ነበር። እሷን ሊፈልጉ የወጡት ሰዎች «ምን ለብሳ ነበር?» ሲሉኝ ግን የማውቀው ያንን ቁጥር ብቻ ነበር።