ጭንቅላቷ ብቻ የቀረው አደራ

ጥቅምት 4
ዛሬም ቤተ ሙከራው ውስጥ ገንዳ ስፈትግ ዋልኩ። ብሩሹ ነገ ለሦስት ሳምንት ስልጠና ይሄዳል። (አለቃዬ ዶክተሩ ነው። ብሩሽ ያልኩት በጢሙ... ገንዳ ፈትጎ ያለቀ ብሩሽ ነው የሚመስለው።) አረንጓዴዋን የባሕር ቀንድ አውጣ ለእኔ ሰጠኝ። "እህም... እንደ ዓይንሽ ብሌን ጠብቂያት።" እህም ሳይል ሰላም እንኳ አይልም! የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። ደህና ሰንብታ ካገኛት ቋሚ እሆናለሁ።

ጥቅምት 6
ይቺ ፍጥረት ጉድ ናት። ዛጎል የላትም፣ ቅጠል ነው የምትመስለው። አልጌ፣ ያንን ውሃ ውስጥ የሚበቅል አረንጓዴ፣ ትበላና አረንጓዴውን ነገር ሳትፈጨው ገላዋ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ መብራት ሥር ዝርግት... ብርሃኑ ምግብ ይሆናታል። ለእማዬ ብነግራት "ሌባ ናታ!" ብላ ሳቀች። ቆየት ብላ ደግሞ፣ "ምናለ አንቺንም እንደሷ ባደረገልኝ፣ ከማብሰል እገላገል ነበር።"

ጥቅምት 9
ወይኔ! ጠዋት ብገባ ጭንቅላቷ ለብቻ፣ ገላዋ ለብቻ። ትናንት መስታወቱን ስፍቅ ቆርጫት ይሆን? ልቧ ገላዋ ውስጥ ቀርቷል፣ ሲመታ ይታያል። ምን አባቴ ልሁን? ስልኬን ሁለቴ አነሳሁ፣ ሁለቴ መለስኩት።

ጥቅምት 10
ጭንቅላቷ ይሄዳል!! ልብ የለው፣ ገላ የለው... ይሄዳል። ቁስሉም ገጥሟል።
"ንገሪው" አለች እማዬ።
"ያባርረኛል።"
"ብትደብቂው ነው የሚያባርርሽ።"
እውነቷን ነው። ነገ እደውላለሁ።

ጥቅምት 11
ነገ።

ጥቅምት 13
አሁንም አረንጓዴ ናት። በምን ትኖራለች? ያ የሰረቀችው ነው መሰለኝ ያቆያት። ጠዋት ስገባ መጀመሪያ የማበራው የሷን መብራት ነው። ከአንገቷ ኋላ ትንሽ ነገር ብቅ ብላለች... ዓይኔ ነው?

ጥቅምት 17
ዓይኔ አይደለም! አዲስ ገላ ነው። ውስጡ አንዲት ነጥብ ትመታለች። ልብ! ብቻዬን ገንዳው ፊት ቆሜ አጨበጨብኩ። ከዚያ ለብሩሹ ደወልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩለት።
"እህም።" ቀጥሎ ሳቁን ለቀቀው።
"አንቺ አይደለሽም፣ ራሷ ናት ገላዋን የጣለችው። ይህን ቀን ስንጠብቅ ዓመት ሞላን። ምን ያደርጋል፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት የጻፈ የለም።"
"እኔ ጽፌያለሁ" አልኩ። ምን ነካኝ?
"ድንቅ! ስመጣ ደብተሩን ትሰጪኛለሽ። እንዳትገለብጪው፣ ዋናውን ነው የምፈልገው።"

ጥቅምት 25
ነገ ይመጣል። ብሩሽ፣ ብሩሽ፣ ብሩሽ... በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፣ ላጲስ አያነሳው። እማዬ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። "ስጪው። አንድም ውሸት የለበት!"

ጥቅምት 28
ደብተሬ ተመለሰልኝ። ከትናንት በስቲያ ሰጥቼው ፊቱን ሳላይ ነበር የወጣሁት። ዛሬ ሲገባ አላወቅሁትም... ጢሙን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።
"እህ..." ብሎ ራሱን ገታ። "ደህና አደርሽ። ቋሚ ሆነሻል። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡን የምትጽፊው አንቺ ነሽ።"
ስለዚህ ልጻፍ። ጠዋት 2፡30። አዲሱ ገላ ሙሉ ሆኗል። መብራት ሥር ተዘርግታለች፣ ደህና ናት።
ዶክተር፣ ይህንን ካነበቡት... ጢምዎ ያምርብዎት ነበር። እባክዎ፣ እንደሷ መልሰው ያብቅሉት።