ክራንቻውን ስለ ቆረጥህበት ቀን

ለልጄ ለባሲል፣

ገና ነፍስ ሳላውቅ እናቴን ዐውሎ ነፋስ ነጠቀኝ፤ አላለቀስሁም። በሚስዮን ትምህርት ቤት መዝሙረ ዳዊትን በቃሌ ስወጣ አንዲት ቃል በሳትሁ ቁጥር መዳፌ በአርጩሜ ይገረፍ ነበር፤ እጄን አላሸሸሁም። በጎልማሳነቴ የደረቀ ኮኮናት የታጨቀበትን ጆንያ ከኮረብታው እስከ ባሕሩ ዳር ስሸከም ጀርባዬ ተላጠ፤ ሸክሜን ለሌላ አላስያዝሁም። ከአንተ በፊት የተወለዱትን ሁለቱን ወንድሞችህን ወባ ሲወስዳቸው መቃብራቸውን የቆፈርሁት ራሴ ነኝ። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ዕድሜ ልኬን አሳማ ያሳደግሁት፣ አሳማ እንደ እሳት በሚፈጀው ገላ ነው። ጠጕሩ ሲነካኝ ቆዳዬ ይንደበደባል፣ ዓይኔ አብጦ ይደፈናል፣ ደረቴ እንደ ተቀደደ ወናፍ ሲር ሲር ይላል። ስለዚህም ነገር ለማንም አቤት ብዬ አላውቅም። ይህን ሁሉ የቻለው አባትህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም በሁለት እግሩ ይሄዳል፤ ከቆመበትም ሆኖ ሰላምታውን ይልክልሃል።

አንተስ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? እንቅልፍህስ? ደረትህስ? በዚያ ባሕር ማዶ በኩዊንስላንድ የምትሠራበት የአሳማ እርባታ ከብዶሃል ወይስ ለምደኸዋል? እኛ ደኅና ነን። የቦዬው ሥር ዘንድሮ ወፍራም ሆኖ ወጣ። የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ ነፋስ ገልጦት ነበር፣ አልብሰነዋል። እናትህ ጉልበቷን ከመታመሟ በቀር ጤነኛ ናት። አሁንም ከጎኔ ተቀምጣ ቀይ ሰሌኗን እየሠራች፣ «ምን እያልኸው ነው?» ትለኛለች። «ሰላምታ ነው» እላታለሁ። አልዋሸኋትም፤ ሰላምታም አለበት።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «አባዬ፣ በነገሩ ስላልተቆጡኝ ልቤ ዐረፈ። አሁንማ አሳማውን ትተው ያርፋሉ» ብለህ ጽፈሃል። እንግዲያው ዝምታዬን ይቅርታ አድርገህ ወስደኸዋል ማለት ነው። ዝምታን እንዲህ አድርጎ የሚተረጕም ልጅ ማሳደጌን አላውቅም ነበርና፣ ትርጓሜውን ራሴ እሰጥሃለሁ።

የአሳማውን ነገር ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን እንደማያውቅ ሰው ስለ ሠራህ እንደማታውቅ አድርጌ እነግርሃለሁ። የላይኞቹን ክራንቻዎቹን በድንጋይ መትቼ ካወለቅኋቸው ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። የላይኛው ሲወልቅ የታችኛው የሚሞርደው ያጣና ያድጋል፤ ይጎብጣል፤ ጉንጩን ዞሮ ይመለስና የገዛ መንጋጋውን በስቶ ይገባል። ከዚያ ወጥቶ ክቡን ሲገጥም ያን ጊዜ ባለቤቱ በሰው ፊት ሰው ይባላል። እንዲህ ያለውን አሳማ መሬት እንዲቆፍር የሚለቀው የለም፤ ቢቆፍር ክራንቻው ይሰበራል። ታስሮ ይኖራል፣ የተቀቀለ ጎደሬ ይላቆጥለታል፣ ጧትና ማታም በእጅ ይጎርሳል። የማን እጅ እንደ ነበር አንተ ምስክር ነህ። ምራቁ እስከ ክርኔ ሲወርድ ቆዳዬ ይቀላ ነበር፤ ሳልጨርስ ግን ተነሥቼ አላውቅም።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ አንድ ቀን ትንፋሼ ሲቆራረጥ ሰምታ፣ «አባ ሲላስ፣ ይኼ እኮ አለርጂ ነው። ክኒኑ ያስታግስልዎታል እንጂ አያድንዎትም። ከአሳማ መራቅ ነው ያለብዎት» አለችኝ። «ልጄ፣ እዚህ አገር ከአሳማ የራቀ ወንድ ሲሞት ምን ተብሎ ይቀበራል?» ብዬ ጠየቅኋት። ክኒኑን ቆጥራ ሰጠችኝ። የሌላ ደሴት ሰው ናትና አልፈረድሁባትም።

ባለ ክብ ክራንቻ አሳማ በማረድ ከሚገኙት ማዕረጎች የቀረኝ አንዱ፣ የመጨረሻው እንደ ነበር ታውቃለህ። ከቦዬው መነቀል በኋላ አራት መንደር ተጠርቶ በዚያ አሳማ ልሾም ነበር። የማታውቀውን ደግሞ ልንገርህ። በድሮው ሕግ ሰውን የሚወርሰው የእህቱ ልጅ ነው፤ እኔን የሚወርሰኝም የእህቴ ልጅ ዋልተር ነው። እኔ ግን በዚያ ቀን፣ በጭፈራው ሜዳ መካከል፣ የአሳማውን ገመድ በእጄ ይዤ፣ ሕጉን ለአንተ ስል ላጥፈው አስቤ ነበር። የመጨረሻውን ማዕረግ የያዘ ሰው ሲናገር የሚቃወመው የለም። ስምህን ልጠራ ነበር።

ለገና በዓል መጣህ። በዚያ ሰሞን ዓይኖቼ ተጣብቀው ሦስት ቀን በጨለማ ተኝቻለሁ። እናትህ አሳማውን አብላልኝ ብላ ላከችህ። ስትመለስ እጅህ ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። አጠገቤ ተንበርክከህ አንድ ነገር መዳፌ ላይ አኖርህልኝ። ዓይን ባይኖረኝም ጣቶች አሉኝ፤ ጕብጠቱን ዳሰስሁ፣ ጫፉን ዳሰስሁ፣ ከዚያም የመጋዝ ሽቦ የቆረጠውን ልሙጥ ቦታ ዳሰስሁ።

«አባዬ» አልህ፣ «ጫፉ መንጋጋው ውስጥ ገብቶ ቁስሉ መግሏል፣ ዝንብ ወሮታል። እኛ ሥራ ቦታ እንዲህ ያለው ወዲያው ነው የሚቆረጠው። ደግሞስ ይኼ አሳማ ማንን ነው የሚበላው? እርስዎን ነው! በቃ፣ ቆረጥኩት። ተገላገሉ።» እኔ ዝም ስል ድምፅህን ዝቅ አድርገህ፣ «እኔም እኮ አለብኝ። እዚያ በገባሁ ሰሞን ዓይኔ ልክ እንደ እርስዎ ነው የተደፈነው። አሁንም በጭምብልና በክኒን ነው የምሠራው። ለማንም አልነገርኩም። ምን እንደሆነ ስለማውቀው ነው የቆረጥኩት» አልኸኝ።

ባለማወቅ ቆርጠኸው ቢሆን ባዕድ አገር አፈዘዘው ብዬ በተውሁት ነበር። በስካር ቆርጠኸው ቢሆን ደብድቤህ ማታውኑ አብሬህ እራት በበላሁ ነበር። አንተ ግን ስላወቅህ ቆረጥኸው። እያንዳንዷ ጉርሻ ምን እንደምታስከፍል ከእኔ ቀጥሎ በዚህ ምድር የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ነህ፤ ሰባት ዓመት ያህል የከፈልሁትን በአንድ ቀትር ወርውረህ ጣልኸው፤ ከዚያም አዘንህልኝ። በዕድሜዬ የገረፈኝ አለ፤ የሰደበኝ አለ፤ እያበጥሁ ሳጎርስ አይቶ መሬት ላይ እስኪንከባለል የሳቀብኝም አለ። ያዘነልኝ ሰው ግን አንተ ብቻ ነህ።

ያን ጊዜ ዝም ያልሁት በዓይኔ ያላየሁትን እንዳልፈርድ ሆኜ ስለ ተቀጣሁ ነው፤ መምህሬ ይህን ያስተማረኝ በአርጩሜ ነበርና አልረሳሁትም። ዓይኔ ሲገለጥ ግን መርከብህ ሄዳለች። በረቱ ድረስ ሄጄ አየሁት። በአንዱ ወገን ሊገጥም ጥቂት የቀረው ክብ፣ በሌላው ጕቶ። አሳማው ገመዱን አላልተህለት ኖሮ አፍንጫውን አፈር ውስጥ ቀብሮ ይቆፍራል። ደስ ብሎታል። ይህ ላንተ ምስክር ይሁንህ፤ ሌላ ምስክር አታገኝም።

ባለ አንድ ክራንቻ አሳማ አይቆጠርም። ወደ አራቱ መንደሮች፣ ቀርቷል፣ አትምጡ ብዬ ላክሁ። የሰሙት ቀሩ፤ ያልሰሙት መጡ። በወንዶች ቤት፣ መራራው የካቫ መጠጥ ከመቀዳቱ በፊት፣ ቆሜ የሆነውን ተናገርሁ፤ የአንተን ስም ሳልሸሽግ። ከዚያ ዋልተር ተነሣ። ዋልተርን ታውቀዋለህ፤ ከልጅነትህ ጀምሮ ዓይኑን ማየት ትጠላለህ። ጧት ጧት ባለፈ ቁጥር፣ «አጎቴ፣ ዛሬስ ማን ነው የታሰረው? እርስዎ ነዎት ወይስ አሳማው?» የሚለኝ እሱ ነው። ያን ዕለትም እጁን ዘርግቶ፣ «ወንድሞቼ፣ አትዘኑ እንጂ! አጎቴ አሳማቸውን ጥርስ ሐኪም ዘንድ ወስደውት ነው። ለከርሞ ደግሞ መነጽር ይገዙለታል!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እንግዶቹ ሳይቀሩ ጎናቸውን ይዘው ሳቁ። ቆሜ ሳቃቸውን አስጨረስኋቸው።

በማግስቱ አሳማውን ከቤቱ ጀርባ ገደልሁት። አልተጨፈረለትም፣ ነጋሪት አልተመታለትም፤ አትክልት ሲያጠፋ እንደ ተያዘ የሌባ አሳማ ግንባሩን ብዬ ጣልሁት። ሥጋውን ለጎረቤት አደልን። እናትህ አለቀሰች። እኔ አልቀመስሁም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ ስማ። ሌሊቱ ነግቶ ገና ደጅ ሳልወጣ፣ ዋልተር አንድ ወጣት ወንድ አሳማ አራት እግሩን ጠፍሮ በትከሻው ተሸክሞ መጣና እግሬ ሥር ዘፍ አደረገው። «ይኸው፣ አጎቴ። የላይኛው ጥርሱ ገና እንዳለ ነው። እስኪገጥም አይደርሱም፤ ይሞታሉ። ግን ቁጭ ብለው ከሚሞቱ እያበጡ ይሙቱ» አለኝ። ከገና ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

አሳማውን አራት ሰው ረግጦ ያዘልኝ። ድንጋዩን አንሥቼ የመጀመሪያውን ክራንቻ መታሁ። ጩኸቱ ማዶ ኮረብታ ድረስ ተሰማ፤ ደሙና ምራቁ ፊቴ ላይ ተረጨ፤ ጕሮሮዬ ተዘጋና ወደቅሁ። ያነሣኝ ሰው አልነበረም። ዋልተር ራስጌዬ ቆሞ፣ «አጎቴ፣ አንዱ ጥርስ ይቀራል» አለኝ እንጂ እጁን አልዘረጋልኝም። በጉልበቴ ተነሣሁ፤ ሁለተኛውንም አወለቅሁት። ባሲል፣ አንተ ብትሆን ኖሮ ተሸክመህ ወደ ቤት ታስገባኝ ነበር። ውሃ ታጠጣኝ፣ ድንጋዩንም ከእጄ ትወስድብኝ ነበር። ልዩነታችሁ ይኸው ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጧትና ማታ አጎርሰዋለሁ። ክራንቻው ገና ከከንፈሩ ብቅ ማለቱ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ በአንድ ዓይኔ ነው፤ ሌላኛው ዛሬ አልተከፈተም።

እናትህ በብዙ ትሳለምሃለች፤ ለስንቅህ የደረቀ ዓሣ ልትልክልህ ነው፣ እኔ አልከለከልኋትም። እህትህ ኖርማ ከነባሏ ሰላም ብላሃለች፤ ያረገዘችውን ከክረምቱ ነፋስ በፊት ትገላገላለች። አያትህ አሁን ማንንም አይለዩም፤ ስምህን ስንጠራላቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካህኑም፣ ቅዳሜ ዕለት ከአንተ ጋር ኳስ ይጫወቱ የነበሩትም ሁሉ ሰላም ይሉሃል። ዋልተርም ሰላም ብሎሃል፤ ሲልህ አልሳቀም።

በደብዳቤህ መጨረሻ፣ «ንብረትዎን ለማንም ይስጡ፣ ለዋልተር ብቻ አይሁን» ብለህ ለምነኸኝ ነበር። መልሴን በግልጽ እጽፍልሃለሁ፤ ባለፈው እሑድም በወንዶች ቤት በሽማግሌዎች ፊት በአፌ ተናግሬዋለሁ። ከወንዙ እስከ ዋርካው ያለው የእርሻ መሬት የዋልተር ነው። በረቱና በውስጡ ያለው አሳማ የዋልተር ነው፤ ከሞትሁ በኋላ ክራንቻው ቢገጥም በገዛ ስሙ ይሾምበታል። በወንዶች ቤት ጣራ ሥር የተሰቀሉት፣ በዕድሜዬ ያገኘኋቸው ክብ ክራንቻዎች የዋልተር ናቸው። በዚያው ቤት፣ ለባለ ማዕረጎች በተለየው በላይኛው ምድጃ ያለው መቀመጫዬና የማዕረግ ስሜ የዋልተር ነው። ቤቱ፣ እናትህ በሕይወት እስካለች ድረስ፣ የእናትህ ነው፤ ከእሷም በኋላ የዋልተር ነው። ለአንተ ከእኔ የሚደርስህ፣ በሥጋህ ይዘኸው የተወለድኸው ሕመም ነው። እሱን ማንም አይካፈልህም። ከዚያ ሌላ የምሰጥህ የለኝም።

አባትህ ሲላስ ታቢ

ሎልቫኑ መንደር፣ ጴንጤቆስጤ ደሴት፣ ቫኑዋቱ
እሑድ፣ ጁን 10 ቀን 2018