ፊሽካ የማይሰማ ውሃ አይነካም

ይድረስ ለክቡር የሐይቅ ስፖርት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላ ቤተሰብዎ፣ ይልቁንም ባለፈው ቅዳሜ ውሃ ለገባበት ቀኝ ጆሮዎ ፍጹም ጤንነት እመኛለሁ። እኔና ወጣቶቼ ደኅና ነን፤ ውሃ ላይ እንዳንወጣ ስለከለከሉን ጉንፋን እንኳ የያዘው የለም።

ከጉዳይ ብዛት ረስተውኝ እንደሆነ፣ ከቢሮዎ ሃምሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ የወጣት ማኅበራት አባላትን ጄት ስኪ የተባለውን የውሃ ላይ ሞተር ብስክሌት መንዳት የማስተምረው ሴትዮ ነኝ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የደረሰብኝ አደጋ የአንድ ልጅ ጥርስ መሸረፍ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ምሳ ሲበላ ነው። ባለፈው ወር መስማት ከተሳናቸው ወጣቶች ማኅበር ለመጡ አሥራ ሁለት ልጆች ፈቃድ ብጠይቅ በሁለት ማኅተም ከለከሉኝ። ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ እስከሚቀጥለው ዓመት ሊዘጋ የቀሩት ሦስት ቅዳሜዎች ናቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አብዛኞቹ ከማኅበሩ የዕድሜ ገደብ ያልፋሉ። ጊዜው ስላጠረ ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

አንደኛ፤ ለወጣቶቹ ደኅንነት ተብለው የተገዙት ሃያ ተንሳፋፊ ሰደርያዎች ከነላስቲካቸው ንብረት ክፍል ተቆልፈው በመቀመጣቸው ከመቀመጫዬ ብድግ ብዬ አመሰግናለሁ። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ደረቅ ሆኖ የወጣ ዕቃ እርጥብ ሆኖ ከተመለሰ እንደማይረከብ በትሕትና አስረድቶኛል። የእኛ ልጆች እኔ ራሴ ዘለበታቸውን እየቀያየርኩ ያቆየኋቸውን አሮጌዎች ሲለብሱ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ሰደርያዎች ግን እስከ ዛሬ አንድም አልሰጠመባቸውም።

ሁለተኛ፤ «አሠልጣኙ ፊሽካ ሲነፋ መስማት የማይችል ሰው ውሃ ላይ አይወጣም» ስለሚለው ደንብዎ። ክቡር ሆይ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ውሃው እየተረጨ፣ ነፋሱ ጆሮ እየመታ በሚሄድ ጄት ስኪ ላይ እንኳን ፊሽካ የገዛ አባቱን ጩኸት የሚሰማ ሰው አልተፈጠረም። ሰሚዎቹንም ልጆች ዘጠኝ ዓመት ያሠለጠንኩት በእጅ ምልክት ነው፤ ሁለት ክንድ ከራስ በላይ ከተጣመረ «ቁም»፣ አንድ ክንድ ወደ ጎን ከተዘረጋ «ተመለስ» ማለት ነው። ሰሚ ልጅ በየጊዜው ወደ ዳር ቀና ብሎ ማየትን እስኪለምድ ሦስት ቀን አሳሬን ያበላኛል። እነዚህ አሥራ ሁለቱ ግን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ዓይናቸው ከእጄ አልተለየም። ይህንኑ በሦስት ደብዳቤ ባስረዳም ነገሩ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ስለዚህ ልጆቹ በየቅዳሜው አሸዋው ላይ በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ተቀምጠው፣ የመጥረጊያ እንጨት እንደ መሪ ይዘው፣ ከልክለው ባስቀሩባቸው ሐይቅ ፊት ለፊት ይነዳሉ።

ሦስተኛ፤ ባለፈው ቅዳሜ አዲሱን የጀልባ መቆሚያ በመረቁበት ዕለት የደንቡን ጥቅም ለእንግዶችዎ ራስዎ በተግባር ለማሳየት ስለተነሡ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለዚያ ዕለት ብቻ ከንብረት ክፍል የወጣ አንድ ሰደርያ ለብሰው ፊሽካውን በእጅዎ ሰጡኝ፤ ስነፋው ተመልሰው እንደሚመጡም በሕዝብ ፊት ቃል ገቡ። የእጅ ምልክቶቹን ሳስረዳዎ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። የሞተር ማጥፊያውን ገመድ የእጅ አንጓዎ ላይ እንዳስርም፣ ሰዓትዎን እንዳልጭር አስጠንቅቀው ፈቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ ቀጥ ብለው ሕፃናት ወደሚዋኙበት፣ በገመድ ወደተከለለው ቦታ ነዱት። ጉንጬ እስኪደነዝዝ ነፋሁ፤ እርስዎ ግን የምናደንቅዎ መስሎዎት እጅዎን አወዛወዙልን።

በዚህ ጊዜ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ የመጥረጊያ እንጨቷን ጥላ ወደ መቆሚያው ጫፍ ሮጠች። ጓደኞቿ በምልክት ሲጠሯት ጉንጫቸውን በጣት ጫን ስለሚያደርጉ እኔ ስርጉዷ እላታለሁ። ሁለት ክንዷን ከራሷ በላይ አጣምራ ቆመች። አዩዋት፤ ደንግጠው ነዳጁን ለቀቁ፣ ሚዛን ሳቱ፣ ወደቁም፤ አንጓዎ ላይ ያሰርኩት ገመድ ተነቅሎ ሞተሩ ሲጠፋ ከሕፃናቱ ክልል የቀረዎት አሥር ሜትር አይሞላም ነበር። በጀልባ ሳወጣዎ ጆሮዎን እያራገፉ ስለነበር፣ ፊሽካውን ሰምተው እንደሆነ በመጠየቅ አላስቸገርኩዎትም።

አራተኛና የመጨረሻው፤ ሰኞ ዕለት ከጽሕፈት ቤትዎ ስለደረሰኝ ቃለ ጉባኤ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ስለዚያ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር የሚወራው እርስዎ ዘንድ አልደረሰ ይሆናል። ቃለ ጉባኤው ግን ክቡር ኃላፊው ፊሽካውን በሰሙበት ቅጽበት መቆማቸውን፣ የደንቡ ትክክለኛነት በተግባር መረጋገጡን፣ በዚሁ መሠረትም ክልከላው መጽናቱን ይገልጻል። የስርጉዷ ነገር በአንዲት ቃል እንኳ አልተነሣም። ይህን ሳነብ ጨዋነቴ ለጥቂት ደቂቃ ጥሎኝ ሄዶ ነበር፤ በቁጭት አልቅሻለሁም።

ማክሰኞ ልጆቹ ወረቀቱ ምን እንደሚል ጠየቁኝና በእጄ ተረጎምኩላቸው። ስርጉዷ ስለራሷ አንድም ነገር አላነሣችም። የጠየቀችኝ «እሳቸው ሰምተው ነበር?» ብላ ብቻ ነው። መልሱ ያለው እርስዎ ዘንድ መሆኑን በእጄ ነግሬያት ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ለዚያች ልጅ የሚሰጠውን መልስ፣ ከተቻለ ከሦስቱ ቅዳሜዎች በፊት፣ በፊርማዎ አስደግፈው እንዲልኩልኝ በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

በጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ጥላ ሥር በደረቅ መሬት ላይ ደኅንነቷ ፍጹም ተጠብቆ የምትኖረው፣ እጅ ነሥታ የማትጠግበው፣

የጄት ስኪ አሠልጣኟ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሰጡኝን ፊሽካ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሻለሁ። ያን ቀን የለበሱትን ሰደርያ ግን እርጥብ ነው ብሎ ንብረት ክፍል ስላልተረከበኝ፣ እስከ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ይቆያል። ደንቡ ለሁሉም እኩል ነውና፣ ፊሽካ ሳይሰሙ በመቅረትዎ አሸዋው ላይ አሥራ ሦስተኛ ወንበርና አንድ የመጥረጊያ እንጨት አዘጋጅተንልዎታል። አሠልጣኝዎ ስርጉዷ ናት፤ ዓይንዎን ከእጇ አይንቀሉ።