በስምህ የተነገረው ቃል

አባብዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ደህና ነህ ወይ ብዬ ብጠይቅህ እንደ ልማድህ «እናንተ ደህና ከሆናችሁ» የምትለኝ ይመስለኛል። እኛ ግን ደህና አይደለንም፤ አንተን ደግሞ ዋሽቼህ አላውቅም።

የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል። እማዬ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዙራለች። ቅዳሴው እንዲሰማኝ ነው ትላለች፤ እኔ ግን ባዶውን መደብህን ላለማየት ይመስለኛል። የትርጓሜ ተማሪዎችህ ወደየአድባራቱ ተበትነዋል፣ ጎጇቸው ውስጥ አሁን የጎረቤት ዶሮዎች ያድራሉ። ወንድሜ ጥበቡ ከተማ አራዳ አንድ ቢሮ ተቀጥሯል። በስልኩ እየቀረጸ የሚለቀውን ንግግር የሚከታተል ሰው በዝቷል፣ እሱም ነገሩን ወዶታል።

የምጽፍልህም ስለ እሱ ነው።

ሬዲዮው ጄኖሳይድ የሚለውን ቃል በየሰዓቱ ሲደጋግም በነበረበት ክረምት እኔንና ጥበቡን አስቀምጠህ ያስተማርከን ትዝ ይልሃል? ቃሉን ቤተሰቡ ያለቀበት አንድ የሕግ ሰው ከግሪክና ከላቲን ገጣጥሞ እንደሠራው እኔ ነኝ ከዩኒቨርሲቲ ያመጣሁልህ። ለወንጀሉ ስም ስላልነበረው ነው አልኩህ። ከዚያ የእኛዎቹን ቃላት አወጣህ። እልቂት ማለቅ ነው፣ ማን እንደጨረሰ አይናገርም አልክ። ፍጅት ከመፍጀት የመጣ ነው፣ የእሳት ሥራ ነው፣ እሳት ግን ቂም የለውም አልክ። ዘር ማጥፋት ላይ ስትደርስ ድምፅህ ወረደ። ዘር በግእዝ ዘርእ ነው፣ ገበሬ ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ለከርሞ የሚያስቀምጠው፤ እሱን ያጠፋ ገና ያልተወለደውንም ገድሏል አልክ። ከዚህ ትልቅ ቃል በፊት ግን ትንሽ ቃል ይቀድማል፣ ሰው ሰውን አረም ማለት ሲጀምር ነገሩ ተጀምሯል አልከን። አረም የሚባል ተክል የለም፣ አረም ያለው ገበሬው ነው አልክ። ጥበቡ አጠገቤ ተቀምጦ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማህ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አወጣን። ከጠዳም ከአዘዞም ሰው መጥቶ ድንኳኑ ሞላ። አበልጅህ አልጋነሽ ከልጇ ከፍሬሕይወት ጋር ከፊት፣ ከእኛ ከቤተሰቡ ጋር ተቀመጠች። ልጅቱን ክርስትና ያነሣሃት አንተ ነህና ቦታቸው እዚያ ነው። አልጋነሽ ከሌላው ብሔር እንደሆነች፣ ዛሬ ወገኖቿ ምን እንደሚባሉ ሁሉም ያውቃል። አንተ ዘመድ ያደረግሃት እያወቅህ ነው።

ከየአድባራቱ የመጡት ተማሪዎችህ ቅኔያቸውን እንደጨረሱ ጥበቡ ማይኩን ያዘ። ዘራችን ሊጠፋ ነው አለ። የሞቱብንን አነሣ፤ እውነት ነው፣ ሞተውብናል፣ እኔም አልቅሼላቸዋለሁ። ቀጥሎ ግን አረሙ ከነሥሩ ካልተነቀለ እህላችን አይበቅልም አለ። ይህን ያስተማሩኝ አባቴ ናቸው ብሎ ስምህን ከነማዕረግህ ጠራ። ሰው አጨበጨበ። በአንተ ተዝካር ላይ አጨበጨቡ፣ አባባ። ተነሥቼ ውሸት ነው አልኩ፤ የሰሙኝ ግን አጠገቤ የነበሩት ብቻ ናቸው። አልጋነሽ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች። የቀረበላትን አልነካችውም።

ሰው ሲበተን ጥበቡን ያዝኩት። ለእኔ ለብቻዬ ነው የነገረኝ፣ አንቺ አልነበርሽም አለኝ። አፈር ልብላልህ፣ ለአፍታ አንተንም ተጠራጠርኩህ። ይህን ያደረገኝ የገዛ ወንድሜ ነው። አላልኩም ልትል የምትችለው አንተ ብቻ ነህ፣ እሱም ይህን ያውቃል። እስክትሞት የጠበቀው ለዚህ ነው።

በማግስቱ አልጋነሽ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈተችልኝ፣ ግቢ ግን አላለችኝም። «ምነው፣ የኔታ እውነት እንዲያ ብለው ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። አላለም አልኳት፤ ስለ አረም ያልከውንም እንዳልከው ነገርኳት። ፍሬሕይወት በጥር ልታገባ ነው አለችኝ። የክርስትና አባት ከሌለ ወንድ ልጁ በቦታው ተቀምጦ ይመርቃል፤ ጥበቡ ግን ደጄን እንዳይረግጥ አለች። አንቺ ነይ አለችኝ።

እሄዳለሁ አባባ። ሴት በዚያ ቦታ ተቀምጣ አታውቅም የሚሉኝ ይኖራሉ፣ ይበሉ። አንተ ባለህበት የምትመርቃትን ምርቃት እመርቃታለሁ። ያስተማርከንንም በሕይወት እስካለሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ አንተ ያላልከውን አንተ አልክ የሚል ሰው ሁሉ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ጥበቡን ይቅር በይው ልትለኝ ግን በሕልሜ እንዳትመጣ። አሁን አልችልም።

ልጅህ