የጋሪ ፈረስ መዝናኛ አይደለም

ለተከበሩ አቶ ደረሰ
የቁጠባና ብድር ማኅበራችን ሥራ አስኪያጅ
ዳንግላ

ክቡር ሆይ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከፈረሳችን በቀር ሁላችንም ደኅና ነን።

እንደሚያውቁት ባለቤቴ ትዕዛዙ ጋሪ ነጂ ነው፤ የቤታችን መተዳደሪያም ይኸው ጋሪ ነው። ፈረሳችን ማነከስ ሲጀምር ሌላ የምንገዛበት ብድር ጠየቅን። ብድር ፈላጊ ሁሉ የቤቱን ገቢና ወጪ በስልክ መተግበሪያ ይመዝግብ ስላላችሁም፣ ከጨው እስከ ሳሙና አንዳች ሳልደብቅ መዘገብኩ። ስለተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ የፈረሱን ገብስና ድርቆሽ የት እንደማስገባ ብፈልግ፣ መተግበሪያው ስለ እንስሳ የሚያውቀው አንድ ረድፍ ብቻ ነው፤ እሱም «የቤት እንስሳትና መዝናኛ» ይላል። ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅ ሠራተኛዎ ወይዘሪት ፋና እዚያው አስገቢው አለችኝ። ጋሪ በሞላበት ከተማ ፈረስን ከድመት ጋር ለመደበ ሰው አድናቆቴ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ «ቤተሰቡ ለመዝናኛ ከአቅሙ በላይ ያወጣል» ብለው ጥያቄያችንን ውድቅ ስላደረጉልን አመሰግናለሁ። ከተጋባን ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ወጥተን ለስላሳ ያልጠጣን ሰዎች፣ እንዲህ ስንዝናና መኖራችንን ያወቅነው ከእርስዎ ደብዳቤ ነው። ይህን የፈረሙት እኮ በዚያው ጠዋት በዚሁ ፈረስ ተጎትተው ቢሮ ገብተው ነው!

ሦስተኛ፣ መዝናኛ ቀንሳችሁ እንደገና አመልክቱ ብለው ስለሰጡን ምክር አመሰግናለሁ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረን? ገብሱን በግማሽ ቀነስን። በእግሩ ሕመም ላይ ሆዱም የጎደለበት ፈረስ ባለፈው የገበያ ቀን ድንች እንደጫነ ወደቀ፤ አልተነሣም። ትዕዛዙ መንገድ ዳር ተቀምጦ በሰው ፊት አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም፤ ንዴቱ እንባዬን አደረቀው። በማግስቱ መተግበሪያው የመዝናኛ ወጪያችን ስለቆመ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚል መልእክት ላከልኝ።

ክቡር ሆይ፣ ከእንግዲህ ብድር አልለምንዎትም። ለሌሎቹ ጋሪ ነጂዎች ሲሉ ግን ያንን ረድፍ ያስተካክሉት፤ ካልቻሉም ከመፈረምዎ በፊት በመስኮት ወደ መንገዱ ይመልከቱ።

በመዝናናት ብዛት የደኸየች፣ ለእርስዎ ግን ረጅም ዕድሜና የሚመች ወንበር የምትመኝ አባልዎ፣
ማናለብሽ ይሄነው

ማስታወሻ፦ ትዕዛዙ ከትናንት ጀምሮ የገበያተኛውን ጭነት በጀርባው መሸከም ጀምሯል። የእሱን ምግብ በየትኛው ረድፍ እንደማስገባው በቶሎ ያሳውቁኝ፤ መዝናኛ ከሆነ እንጀራውን መቀነስ ሊኖርብኝ ነው።