ጥፋት ያልነበረበት ሽፋን

ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለምወድህ፣ ለአኩራፊው ወንድሜ፦

ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ካልሲ ደርብ። እንደማትሰማኝ አውቃለሁ፤ ግን ደርብ።

እማዬ ታማለች። «ፈተናውን ሳይጨርስ የልጄን ሆድ እንዳታባቢ» ብላ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን አፈረስኩ።

ሥራዬን ታውቃለህ፤ «ወርቅ ቀቢዋ» እያልክ ስትቀልድብኝ ነው የኖርከው። ጥፍር የምታህል የወርቅ ኤሌክትሮድ ላይ ስስ የፖሊመር ሽፋን አለብሳለሁ። ሽፋኑ ከደም ውስጥ ጉበት ላይ ዕጢ ሲበቅል የሚበዛውን ፕሮቲን ብቻ መርጦ መያዝ፣ ሌላውን ሁሉ መተው አለበት። መተዉን ለማረጋገጥ የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልገኝ ነበር። እማዬ እጅጌዋን ሰብስባ «ከኔ ወዲያ ጤነኛ ከየት ልታመጪ ነው?» አለችኝ። እኔም እየሳቅሁ ቀዳሁ።

ሽፋኑ የያዘውን የሚለካው መሣሪያ በእሷ ደም ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። ሽፋኑ ያገኘውን ሁሉ ያግበሰብሳል ብዬ ጣልኩት። አወፈርኩት፣ አሳሳሁት፣ ቅመሙን ለወጥኩ። አምስት ወር ሙሉ። ደሟን በቀዳሁ ቁጥር «ለካ አልቅት ነው የወለድኩት» ትለኝ ነበር። መክሳቷንም አይቻለሁ፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለፈው ወር አለቃዬ፣ ሽማግሌው፣ ልፋቴ አሳዘናቸውና «እስቲ የኔን ሞክሪበት» ብለው ክንዳቸውን ሰጡኝ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የጽዳት ሠራተኛዋንም ለመንኳት፤ በእሷም ደም እንደዚያው። ሽፋኑ አልተሳሳተም ነበር።

በማግስቱ እማዬን ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ምስሉን አይቶ «ከአራት ከአምስት ወር በፊት ቢመጡ ኖሮ ቆርጠን እናወጣው ነበር» አለኝ። አሁን የሚሰጧት ማስታገሻ ብቻ ነው። የቀራት ሳምንታት ነው፣ ወንድሜ።

የመጀመሪያዋን ኤሌክትሮድ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘኋት። በገዛ እጄ «የማትረባ» ብዬ ጽፌባታለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ሲባል ስሰማ ለሌላ ሰው የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ጸጉሯን ሳበጥርላት «ያ መከረኛ ሽፋንሽ እሺ አለሽ?» አለችኝ።

«አዎ እማ፣ ይሠራል።»

«ጎሽ። ደሜ ከንቱ አልቀረማ» አለችና ዓይኗን ጨፈነች።

ፈተናው ይደርሳል፤ ና። መንገዱን ያቅናልህ፣ በሰላም ያግባህ። እኔን እንደፈለግህ ተቆጣኝ። ለእሷ ግን ሽፋኑ ከመጀመሪያውም ይሠራ እንደነበር እንዳትነግርብኝ።

እህትህ፣ ወርቅ ቀቢዋ