የአባባ ካምቢዮ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል እታለም? ጉልበትሽስ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ከደረጃው ጋር እየተጣላሽ ነው የምትወጪው? ልጆቹስ? ባልሽስ ዜና እከታተላለሁ እያለ ወንበሩ ላይ ማንኮራፋቱን አልተወም? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ ከዘራቸውን ይዘው እስከ ግቢው በር ብቅ ይላሉ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። አሞኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው።

በላክሽልኝ ደብዳቤ "አባባ መንዳት በቃኝ ማለታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ አንቺ ባትኖሪ ማን ያሳምናቸው ነበር" ብለሽ አመሰገንሽኝ። ታክሲዋም ቆማ ከምትዝግ ትሸጥ አልሽ። ወጥ ቤት ቆሜ ነበር ያነበብኩት፤ የምገባበት ጠፋኝ። እባክሽ አትሸጥ። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ስትጨርሺ ብትሰድቢኝም አልቀየምሽም።

የባሌን አመል ታውቂያለሽ። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ፓምፕ ሲጠግን ይውላል፤ ከሥራ መልስ ግቢ ውስጥ የስፖርት መኪናውን ይሠራል። ሰፈሩ "ሮኬቷ" ይላታል፤ አንድም ቀን ከመሬት ስላልተነሣች ነው። መነሻዋ ከአባባ ታክሲ ጋር አንድ ዓይነት የሆነች፣ ተገጭታ የተጣለች መኪና ነበረች። ሞተሯን አደሰ፤ ላሜራውን ራሱ ቀጥቅጦና በይዶ ዝቅ ያለች ቆንጆ ነገር አወጣት። የቸገረው ካምቢዮው ነው። የራሷ ካምቢዮ ውስጡ አልቆ ማርሽ በተቀየረ ቁጥር ይጮሃል። ከጭነት መኪና የወጣ አንድ አመጣ፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ለብቻው አንድ ሰው ያህል ይከብዳል፤ ማርሾቹም የተራራቁ ናቸው። "ይሄ ድንጋይ ለመጫን እንጂ ለመሮጥ አይሆንም" ብሎ መለሰው። ባለ አምስት ማርሽ ደግሞ ከጓደኛው ተውሶ ለካው፤ ወፍራም ስለሆነ ይግባ ከተባለ የሾፌሩ እግር ማረፊያ ያጣል። እሱ የሚፈልገው ቀላል፣ ቀጭን፣ ማርሾቹ የተቀራረቡ፣ ከሞተሩ ጋር እንዳለ የሚገጥም ነው። እንዲህ ያለው የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። ታክሲዋ ከመስኮታችን ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች።

እሱ አፉን አልከፈተም። ባሌን ለማዳን ብዬ አይደለም ይህን የምጽፈው፤ እውነቱ ይኸው ስለሆነ ነው። አባባ ያኔ ሆስፒታል ነበሩ፤ ግራ ጎናቸው ከድቷቸው ቃል እንኳ አስተካክለው አይናገሩም። ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያቸው መጣሁና ጫማዬን እያወለቅሁ "የአባባን ውሰደው፤ ከእንግዲህ መቼ ሊነዱ ነው" አልኩት። በቁማቸው ቀበርኳቸው እታለም። እሱ አመነታ፤ "ኋላ እንዳይቆጭሽ" አለኝ፤ እኔ ነኝ የገፋሁት። ከዚያ አቀያየራቸው፤ የአባባ ለሮኬቷ፣ ያለቀለት ለታክሲዋ፣ ባዶዋን እንዳትቀር። መብራት የያዝኩለትም እኔ ነኝ።

አባባ ግን ተነሡ። ምላሳቸው ተፈታ፤ ቀጥሎ እጃቸው፤ መጨረሻ ላይ እግራቸው። ሐኪሙ ቀስ እያሉ ይንዱ ያላቸው ዕለት እሳቸው እንደ ሙሽራ ሲስቁ እኔ ላብ አጠመቀኝ። ባሌን መልስ ብዬ ለመንኩት። መኪናውን ለሰው የሚያሳይበት ቀን ደርሶ ነበርና "ይቺ ትለፍና" አለኝ። እሺ አልኩ። አባባ ግን አልጠበቁንም፤ በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ገፈው አስነሡ።

አባባ ማርሽ ሲቀይሩ ድምፁ ተሰምቶ እንደማያውቅ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ከኋላ የተኛ ተሳፋሪ አይነቃባቸውም ነበር። ያን ዕለት ከበር ወጥተው ሁለተኛ ሲያስገቡ ታክሲዋ እሪ አለች። ሦስተኛ ላይ ባሰባት። ፊት ለፊታችን ያለው ባለ ሱቅ የሚነዳው ማን እንደሆነ ሳያይ "ዛሬ ደግሞ ማነው መንዳት የሚማረው?" ሲል ሰማሁት። እሳቸውም ሰሙ። መንገዱ መሃል ሞተሩን አጠፉ። ስደርስ ግራ ጉልበታቸውን እየዳበሱ ነበር። "ፍሪሲዮኑን እስከ ታች የረገጥኩ ይመስለኛል፤ ለካ እግሬ አይደርስም። ሰው ሳልገጭ ይብቃኝ" ብለው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡ። እኔ ምን አልኩ መሰለሽ? "አይዞዎት አባባ፣ ዕድሜ ነው" አልኩ።

አንቺ አሳመንሻቸው ያልሽው እንግዲህ ይህንን ነው። ከዚያ ወዲህ በራቸው ገርበብ ሲል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው በግራ እግራቸው ወለሉን ሲረግጡና ሲለቁ፣ ሲረግጡና ሲለቁ አያቸዋለሁ። እግራቸውን እየፈተኑ ነው። እኔም በሩን ቀስ ብዬ ዘግቼ እሄዳለሁ።

ባለፈው እሁድ ራሳቸው ባሌን "እስቲ ሮኬትህን አሳየኝ" አሉት። ደግፎ አስገባቸው። ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አባባ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ባሌ ሊያወርዳቸው ሲከፍትላቸው "ጥሩ አድርገህ ሠርተሃታል። ሁለተኛዋን ግን አትቸኩልባት፤ መሃል ላይ ትንሽ ካሳረፍካት ራሷ ትገባልሃለች" አሉት። በዚያች መኪና ተቀምጠው አያውቁም፤ ስለ ካምቢዮዋም እኔና ባሌ እሳቸው ፊት ትንፍሽ ብለን አናውቅም። ባሌ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ካምቢዮአቸውን አውቀውታል። እሳቸው ከዘራቸውን ጠየቁኝና ሰጠኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ ሮኬቷ ሥር ነው፤ እየፈታ ነው። ካምቢዮው ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቁልፉን ምን ብዬ እንደምሰጣቸው ግን ጨነቀኝ። ትናንት ከአባባ ጋር ዳቦ ልንገዛ ወጣን። ባለ ሱቁ በዚያ በቀልዱ አፍሮ ኖሮ "አባባ፣ ታክሲዋን ምን ነካት?" ብሎ ጠየቃቸው። "እሷማ ምን አላት ልጄ፤ እግሬ ነው" አሉት። ዳቦውን ይዤ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ወደ እኔ ዞር አላሉም፤ ክንዴን ያዝ አድርገው "እንሂድ፣ ብርዱ እንዳይመታሽ" አሉኝ።

ለጉልበትሽ ብርታቱን፣ ለልጆቹ ዕድገቱን፣ ለቤትሽ ሰላሙን ያብዛልሽ። ለእኔም አፌን እንዲፈታልኝ ለምኚልኝ።

ታናሽ እህትሽ